ወንድሜ ከነሜታዶኑ ለአባታችን ሙት ዓመት ሊመጣ ነው፤ ቤት ውስጥ ምን እናዘጋጅ?

የድልድዩ ሰፈርተኛ፣ ሰኞ ምሽት 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ከመኪና አደጋ በኋላ የታዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ ሆነበት፤ ክኒኑ ሲወደድበት ወደ ሄሮይን ወረደ። ያን ጊዜ ያየነውን አልዘረዝርም። ዛሬ ግን ሜታዶን በሚባል፣ ለሱሱ ሐኪም በሚያዝለት መድኃኒት ሕክምና ላይ ነው። ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፣ ለእናታችን በየወሩ ይልካል። አሁን የአባታችን ሙት ዓመት ስለደረሰ ለአራት ሳምንት ሊመጣ ተዘጋጅቷል።

የመድኃኒቱ ጉዞ ራሱ ያሳስበኛል፤ ይበልጥ ያስጨነቀችኝ ግን እናቴ ናት። «እዚህ ይድረስልኝ እንጂ ያንን መርዝ ጥሎ እንጦጦ ማርያም ሁለት ሱባኤ ይጠመቃል፤ ድኖ ይመለሳል» ብላ ቆርጣለች። አክስቶቼም ከእሷ ጋር ናቸው። ወንድሜ እናቱን እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ በስልክ «እሺ እማዬ» ብሏታል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ እሺታው ነው።

ደግሞስ ጎረቤት ሲጠይቅ ምን ልበል? የልብ መድኃኒት ነው ብል ያስኬዳል?

የቀድሞው መምህር፣ ሰኞ ምሽት 3፡25

ልጄ፣ እናትሽ እውነት አላቸው። ሄሮይንን በሜታዶን መተካት ጌታ መቀየር እንጂ ነፃ መውጣት አይደለም። እኔ ለሠላሳ ዓመት ያጨስኩትን ሲጋራ በአንድ ዐቢይ ጾም ጥዬዋለሁ፤ ማንም ሐኪም ሌላ ጭስ አላዘዘልኝም። ፈረንጅ በሽተኛን ማዳን ሲያቅተው ደንበኛ ያደርገዋል። ወንድምሽ እናቱና ሀገሩ መሀል ሲሆን ብርታት ያገኛል። ዕድሉን አታበላሹበት።

ማለዳ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። የምጽፈው ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እኔም ሜታዶን የምወስድ ሴት ነኝ።

ሄሮይን የሚይዘው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ስለዚህ ሱሰኛው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይታመማል፤ በታመመ ቁጥር ፍለጋ ይወጣል። ቀኑ በዚሁ ያልቃል። ሥራ የለም፣ ልጅ የለም፣ ለጸሎት የሚሆን ልብም የለም። ሜታዶን ደግሞ በአፍ ይወሰድና አንድ ቀን ሙሉ ይይዛል። መጠኑ ከተስተካከለ ሞቅታ አይሰጥም፤ ሕመሙንና አምሮቱን ያስቀራል፤ ሰውየው ሄሮይን ቢወስድ እንኳ የቀድሞውን ስሜት አያገኝበትም። ጌታ ነው ካሉትም፣ አሽከሩን ጠዋት አንዴ አይቶ ቀኑን ሙሉ የሚያሰናብት ጌታ ነው።

እኔ የጀመርኩ ሰሞን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሰልፍ እይዝ ነበር። ነርሷ በመስኮት ቀዩን ፈሳሽ በትንሽ ኩባያ ትሰጠኛለች። እጠጣለሁ፤ ኩባያውን በውኃ አለቅልቄ እሱንም እጠጣለሁ፤ ከዚያ «ደህና ዋይ» ማለት አለብኝ። ለትህትና አይምሰላችሁ። አፌ ውስጥ ይዤ አለመውጣቴ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። ደንበኛን ማባበል ይህን አይመስልም፣ መምህር።

እህቴ፣ ስለ ጎረቤት የጠየቅሽው ቀላል ነው፤ ለጎረቤት ምንም ማለት የለብሽም። ቤት ውስጥ ካሉት ግን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ትክክለኛውን ስምና መጠኑን ማወቅ አለባቸው። «የልብ መድኃኒት» ያልሽው ወሬ ድንገተኛ ክፍል ድረስ ከተከተለው አደጋ ነው።

መድኃኒት ቤት፣ ማክሰኞ ጠዋት 3፡50

ፋርማሲስት ነኝ፤ የምሠራው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ነው። ማለዳ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሁለቱ ሱባኤ ልናገር፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነውና።

ሜታዶን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ውስጥ ይጀምራል። ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት። ከሄሮይኑ ይልቅ ቀስ ብሎ ይጀምርና ረዘም ይላል፤ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እናትሽ ልጃቸው ጠበል ቦታ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይተው «መንፈሱ እየለቀቀው ነው» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ይህ ግን የመጀመሪያው አደጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሲመለስ ይጠብቀዋል። ሜታዶን ሲጀመር መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ አብዛኛው ሰው ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ባለው ላይ ይረጋል። ይህ መጠን ሰውነቱ ያልለመደን ሰው ይገድላል። ወንድምሽ ሁለት ሳምንት አቋርጦ፣ ልምዱ ከላዩ ረግፎ፣ የቀድሞውን መጠን በአንዴ ቢጠጣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ወደ ሄሮይን ቢመለስም እንደዚያው። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ያቋረጠ ሰው በቀድሞው መጠን በራሱ እጅ መጀመር የለበትም፤ ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክልለታል።

በፈረንጆች 2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ ከ120,000 በላይ የሜታዶን ታካሚዎችን ያካተተ የጥናቶች ግምገማ አለ። ሕክምናው ላይ እያሉ በዓመት ከ1,000 ሰው 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ ካቋረጡት ደግሞ 36 ያህሉ ሞተዋል። መምህር፣ ሲጋራ በድንገት ያቆመ ሰው ይነጫነጫል እንጂ በማግሥቱ አንድ ሲጋራ ቢያጨስ አይሞትም። ሁለቱን አያመሳስሏቸው።

የቀድሞው መምህር፣ ማክሰኞ ቀን 6፡05

ቁጥሩን ተቀብያለሁ። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም፤ እስከ መቼ? ሰው ዕድሜ ልኩን በመስኮት በኩል በኩባያ ሊጠጣ ነው?

ማለዳ፣ ማክሰኞ ቀን 9፡30

አንዳንዱ ዓመታት ይቆያል፣ አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ። መውጣት የሚፈልግም ይወጣል። መጠኑ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በሆነ ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ነው የሚወጣው። ሰውየው ሲረጋጋ፣ ራሱ ሲፈልግ፣ ከሐኪሙ ጋር። ለሐዘን ቤት መታሰቢያ በመጣበት አራት ሳምንት ውስጥ ግን አይሆንም፤ ዘመድ ተሰብስቦ የሚወስነውም ነገር አይደለም። መምህር ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ «እስከ መቼ?» ብሎ የሚጠይቅዎት አለ?

ታሪክ አዋቂ፣ ማክሰኞ ምሽት 1፡15

ለመምህር «ፈረንጅ» ለሚለው ነገር አንድ ጨመር ላድርግ። መድኃኒቱን የሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ኬሚስቶች ናቸው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው ናቸው)፤ ያኔ ለሕመም ማስታገሻ ነበር። ለሱስ ሕክምና ያዋሉት በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ቪንሰንት ዶል፣ ሜሪ ናይስዋንደርና ሜሪ ጂን ክሪክ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ታንዛኒያ በ2011 ዳሬሰላም በሚገኘው ሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ኬንያ ደግሞ በ2014 መጨረሻ ጀምረዋል። የጎረቤቶቻችን ሕክምና ነው።

አወያይ፣ ማክሰኞ ምሽት 1፡50

ሜታዶን የት ይገዛል፣ በስንት ይሸጣል የሚል አንድ መልስ አንስቻለሁ። ዳግመኛ የሚጽፍ ይታገዳል።

ከካዛንቺስ የተነሳሁ፣ ማክሰኞ ምሽት 2፡20

ክሩን እንዳላበላሽ ይቅርታ። ታናሽ ወንድሜ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስዳል፤ ማዘዣ ሳይጠይቁ የሚሸጡለት አሉ። ባለፈው አንቀጥቅጦ ጣለው፤ አረፋ ደፍቆ አገኘነው። እናቴ የሚጥል በሽታ መስሏት ነበር። ለእሱ ሜታዶን ይሆናል?

መድኃኒት ቤት፣ ማክሰኞ ምሽት 3፡05

ወንድሜ፣ ትራማዶል ሲበዛ እንዲህ ያንቀጠቅጣል፤ በራሱ የሚያመጣው ነው፤ ለሐኪሙ ይህን ሳትደብቁ ንገሩ። ለትራማዶል ብዙ ጊዜ ሐኪም ሊከታተለው የሚችል ቀስ በቀስ መቀነስ ይበቃል። የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚለየው ሐኪም መርምሮት ነው። አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕመምን ብቻ ሳይሆን ሱስንም ያክማል። ሰዎች ምን ይሉናል ብላችሁ አትቅሩ። በአንዴ አቁም ብላችሁም ቤት አትዝጉበት፤ ማቋረጡም ያሳምማል። ስለ ሕገወጥ ሽያጩ ደግሞ፣ የሙያ ባልደረቦቼ ስለሆኑ አፍሬያለሁ።

የእንጦጦ መንገደኛ፣ ረቡዕ ጠዋት 12፡45

ዲያቆን ነኝ። ሁላችሁም ጠበልን እንደ ተቃራኒ ወገን ማየታችሁ አልተመቸኝም። ጠበል መድኃኒት ጣሉ አይልም። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን፣ እንጦጦ ላይ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየጣሉ ሲጎዱ፣ ፓትርያርኩ ራሳቸው ጠበሉና መድኃኒቱ አብሮ ይወሰድ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው። ከኔ ወይም ከፋርማሲስቱ ይልቅ ከዚያ ይሰማሉ። ከዚያም የንስሐ አባታችሁ ቤት መጥተው በፊታቸው ይናገሩ። እናትን ማሸነፍ ሳይሆን ማሳመን ነው የሚያዋጣው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ጠበል ብዙ የጠጣ ሰው ያስመልሰዋል፤ ይህ የተለመደ ነው። መድኃኒቱን ውጦ ወዲያው ወደ ጠበል ከሄደ አብሮ ሊወጣ ይችላል።

መድኃኒት ቤት፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ዲያቆን፣ በጣም ጥሩ ነጥብ ነው። ከሰዓቱ ጋርም ይገጥማል። ወንድሟ እዚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጠጣ ከሆነ፣ በእነሱ በጋ ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለሆነ እዚህ ቀን 7 ሰዓት ላይ ይውላል። በክረምታቸው 8 ሰዓት ይሆናል። ያንኑ ሰዓት ይያዝ፤ «ጠዋት ነው» ብሎ ያለፈው ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ እንዳይደግም። ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ወጥቶ ተጠምቆ፣ ጠጥቶ፣ ቤቱ ተመልሶ አረፍ ብሎ፣ ቀን መድኃኒቱን ይወስዳል። ማደሪያ ተከራይቶ እዚያ ከመቀመጥ በየቀኑ ደርሶ መመለስ ይሻለዋል፤ መድኃኒቱ ቤት ተቆልፎበት ይቆያል። ቢያስመልሰውም በራሱ ሌላ እንዳይደግም፤ ክሊኒኩን ይጠይቅ።

ከመምጣቱ በፊት ክሊኒኩ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና የሕክምናውን ምክንያት የያዘ ደብዳቤ ይጻፍለት። ለኤምባሲያችንና ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስቀድሞ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ፤ ሜታዶን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ናርኮቲክ ነው፤ ጉምሩክ ላይ በቃል ማስረዳት አይበቃም። ስሙ የተጻፈበትን ጠርሙስ አይለውጥ፤ በእጁ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አያስገባ። በዱባይ የሚያልፍ ትኬት ርካሽ ቢሆንም ይተውት፤ እዚያ ለእንዲህ ያለ መድኃኒት ቅድመ ፈቃድ ይጠየቃል። ጠፋብኝ ብሎ እዚህ እገዛለሁ ብሎም አያስብ። ናርኮቲክ የሚወጣው በልዩ ማዘዣ ነው፤ የውጭ ሐኪም ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው እኔ አልሰጥም።

ሙት ዓመቱ ላይ ደግሞ ጠላው፣ ጠጁ፣ አረቄው ይቀርባል። ሜታዶንና አልኮል ሁለቱም ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ ሲደመሩ ሰው ተኝቶ ይቀራል። «ለአባትህ ነፍስ አንዲት መለኪያ» የሚል አጎት አይጠፋም፤ ያንን አጎት ከወዲሁ ለዩት። ዲያዚፓምም የዚያው ዓይነት ነው፤ ለሐዘን እንቅልፍ ይሆናል ብላችሁ ከጎረቤት አትቀበሉለት።

ሆዱን ካመመው፣ ያማል መቼም፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትስጡት። ሜታዶኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፣ ለልብ ምትም አይመችም። በተቃራኒው የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሜታዶኑን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዳቋረጠ ይታመማል። ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት «ሜታዶን እወስዳለሁ» ይበል።

የሌሊት ተረኛ፣ ረቡዕ ምሽት 4፡10

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። የጻፋችሁትን አልደግምም። መድኃኒቱ በዝቶበት እንደሆነ የምትጠረጥሪባቸውን ምልክቶች ብቻ ልንገርሽ። ያልተለመደ፣ የሚንገራገር ማንኮራፋት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ጠርተሽው ነቅንቀሽው አለመንቃት፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበብ፣ በየብዙ ሰከንዱ አንዴ መተንፈስ። «ደክሞት ነው፣ መንገድ ነው» ብላችሁ በር ዘግታችሁ የምትወጡት እንግዳ እንዲህ ነው የሚሞተው። የሜታዶንን ኃይል ለጊዜው የሚሽረውን፣ ናሎክሶን የሚባለውን የአፍንጫ መርጫ ከዚያ ይዞ ይምጣ፤ አሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። አንቺ አጠቃቀሙን ተማሪ። ግን ነቃ ብላችሁ ቤት አታስቀሩት፤ ናሎክሶኑ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይለቃል፣ ሜታዶኑ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል፤ ተመልሶ ይተኛል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልደረሰ በታክሲ አምጡት።

ቤት ውስጥ ልጆች አሉ? ቀይ ፈሳሽ ነው የተባለው። የአዋቂ አንድ ቀን መጠን ሕፃን ይገድላል።

የድልድዩ ሰፈርተኛ፣ ሐሙስ ምሽት 3፡30

አሉ፤ የእህቴ ልጆች፣ ሁለቱም ከቁምሳጥን የማይወርዱ። ቁልፍ ያለው ሳጥን ገዝቻለሁ፤ ቁልፉን ወንድሜ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሁለተኛውን እኔ እይዛለሁ።

ዲያቆን ያሉትን ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ «አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው?» አለችኝ። የንስሐ አባታችን ቅዳሜ ይመጣሉ። «መርዝ» ማለቷን ግን አልተወችም፤ «መርዙን በሰዓቱ ይጠጣ፣ ጠበሉንም ይጠመቅ» ትላለች አሁን። ለእኔ ይበቃኛል። ወንድሜም ትኬቱን ወደ ቀጥታ በረራ ለውጧል፤ ክሊኒኩ ደብዳቤውን እያዘጋጀ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። አክስቴ «ከመጣ አይቀር የልጄን ሰርግ ሳያይ አይሄድም፤ ሁለት ሳምንት ይጨምር» ብላለች።

ማለዳ፣ ዓርብ ጠዋት 12፡20

አይጨምርም። በ2024 የጸናው የአሜሪካ ደንብ የረጋ ታካሚ ወደ ቤት እስከ 28 ቀን መጠን እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ ስንት እንደሚሰጠው ግን ክሊኒኩ ነው የሚወስነው፤ አንዳንድ ግዛትም ያጠብቀዋል። ስለዚህ 28 ቀን ይዞ ለ28 ቀን አይመጣም። በረራ ይዘገያል፣ ጠርሙስ ይሰበራል፣ ክሊኒክ በበዓል ይዘጋል። ከሃያ አራት ቀን በላይ እንዳይቆይ፤ የቀረው መጠባበቂያው ነው።

ባዶዎቹን ጠርሙሶች ደግሞ አትጣሉ። ሲመለስ ክሊኒኩ ሊቆጥራቸው ይችላል። እናትሽ እንደኔ እናት ከሆኑ አጥበው በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ይሞሉባቸዋል፤ እንዳይነኳቸው ከወዲሁ ንገሪያቸው።

የቀድሞው መምህር፣ ዓርብ ጠዋት 4፡00

በሜታዶኑ ነገር ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ስለ ሰርጉ ግን ከማለዳ ጋር ነኝ። አክስትሽ ሰርጉን ሁለት ሳምንት ያስቀድሙት፤ አዳራሹ ካልተያዘ ይቻላል።

የድልድዩ ሰፈርተኛ፣ ዓርብ ቀን 7፡15

አዳራሹ ተይዟል፣ ቀብድም ተከፍሏል። ሙሽራው መልሱን ወንድሜ ባለበት ሳምንት በቅድሚያ ቤት ውስጥ እናድርገው እያለ ነው። አክስቴ «ከሰርግ በፊት መልስ የት ተደርጎ ያውቃል?» ብላ ስልኩን ዘግታበታለች። ወንድሜ ትኬቱን በሃያ አራተኛው ቀን አድርጎ ቆርጧል።